ለማን እንደተንበረከከ

ጋሼ ቀለመወርቅ ሲገቡ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እታለም ግን ከፍራሿ ንቅንቅ አላለችም። ሐዘንተኛም ቢሆን ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫው ከፍ ማለቱ ወግ ነው። እሷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ካርታ የሚጫወቱትን ወንዶች ታይ ጀመር።

«እግዜር ያጽናሽ» አሉ ጋሼ ቀለመወርቅ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«አሜን» አለች እንደተቀመጠች።

ሆሊውድ አጠገብ ያለው የፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ዝም አይልም። ማድ ቤቱ በር ላይ ንፍሮ የሚያቀርቡት ሴቶች ወዲያው ሹክሹክታ ጀመሩ። የእድሩን ሰብሳቢ ተቀምጦ መቀበል ምን የሚሉት ንቀት ነው? እታለም ሰምታለች። ንቀት ከሆነም የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ግዛው ነገ ይቀበራል። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ልጃቸው ራኬብ ጽፋ ለእድሩ ሰጥታ ነበር። ጋሼ ቀለመወርቅ ታዲያ አንዱን ቦታ ሰርዘው መለሱት። ግዛው ፓሪስ በስደት ሳለ በአንድ የፈረንሳይ ፊልም ላይ መሥራቱን የሚናገረውን ቦታ።

«ለእሱ ክብር ብዬ ነው፣ እታለም» አሉ አጠገቧ ቁጭ እያሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፈረንጅ እግር ሥር መንበርከኩ በታቦት ፊት ይነበባል?»

«ፊልሙን አይተውታል፣ ጋሼ?»

«ኧረ ምን አደርገዋለሁ አይቼው። አገር ያወቀው አይደለም?»

አገር ያወቀው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ እያደር ይወፍራል። መጀመሪያ ግዛው ለፈረንጅ ተንበረከከ ተባለ፤ ከዚያ ጫማ ሳመ ተባለ፤ በመጨረሻ ለገንዘብ ሲል በአራት እግሩ ዳኸ ተባለ። ከወሬኞቹ መሀል ግን ፊልሙን ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

ግዛው ራሱ ወሬውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሆሊውድ ውስጥ የደንበኞችን መኪና እየተረከበ ሲያቆም ኖረ። በየቀኑ ቁልፍ የሚያቀብሉት ደግሞ ተዋናይ ነን ባዮች ናቸው። «እኔ ፊልም ሠርቻለሁ፣ አንተስ?» ይላቸዋል ፈገግ ብሎ። እነሱም ይስቃሉ። ቤት ሲገባ ይህንኑ ለእታለም ይነግራታል፤ አብዛኞቹ ገና አንድም አልሠሩም ይልና ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሳቁን ነበር የወደደችለት። ያ ሳቅ ነገ ሊቀበር ነው።

እንደተጋቡ ሃውቶርን ሰፈር በነበረችው ጠባብ አፓርትማቸው ፊልሙን አሳይቷት ነበር። የእሱ ቦታ ሲደርስ ተነሥቶ ሰሐን ማጠብ ያዘ። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ ደግመው ሲያዩት፣ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሰሐን ያጥባል። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አየችው፤ የተናገረውንም ሰማች።

«ጋሼ ቀለመወርቅ፣ ሙት ወቃሽ አይሁኑ» አለች አሁን። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ራኬብ፣ ቲቪውን አዙሪና ያባትሽን ፊልም ክፈቺው።»

ቴሌቪዥኑ ግዛው ከሞተ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ማሚ፣ ሹር ነሽ?»

«ክፈቺው።»

«በለቅሶ ቤት?» አሉ ጋሼ ቀለመወርቅ።

«ጋሼ፣ አንተ ስታየው ኦኬ ካላልክ ነገ አላነበውም» አለች ራኬብ፣ ዲስኩን እየከተተች። «ግን ሳታየው ዲሊት አታደርገውም።» አንተ ስትላቸው ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አሜሪካ የተወለደች ናት ብለው ደግሞ ማሯት።

ፊልሙ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች አንድ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ተፋፍገው ሲኖሩ ያሳያል። አንዲት ፖርቱጋላዊት ዶሮዋን በሕፃን ጋሪ ደብቃ በዘበኛው ፊት ስታልፍ፣ ካርታ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ተዉ። ዶሮዋ ጮኸች፤ አንዱ ሳቀና ቶሎ አፉን ያዘ።

«ሳቁ እንጂ» አለች እታለም። «ለዚያ ነው የሠራው።»

ከዚያ ግዛው መጣ። ወጣት ነው፣ ጎፈሬው ተከምሯል፣ የተዋሰው ካፖርት እጀታ ጣቶቹን ውጧቸዋል። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ገብቶ ወፍራሙ ሹም ፊት ቆመ። ሹሙ ነገ ተመለስ አለው። ግዛው ተንበረከከ። ጋሼ ቀለመወርቅ ፊታቸውን አዞሩ።

ወዲያው ቤቱን አማርኛ ሞላው።

«እማዬ፣ እናቴ፣ አፈር ሳላለብስሽ ቀረሁ። ጠላ አስጠምቄ ሰው ሳልጠራልሽ፣ ፍራሽ አንጥፌ ሳልቀመጥልሽ። ይሄን ወንበር ላይ የተጎለተ ሰውዬ አትይው። ለሱ የወደቅሁ መስሎታል። ልጅሽ የተንበረከከው ላንቺ ነው፣ እማዬ፣ ላንቺ።»

ከሥር በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያልፋል። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማረችው ራኬብ አነበበችው። «ጌታዬ፣ እባክዎን ይራሩልኝ ነው የሚለው» አለች።

ጋሼ ቀለመወርቅ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ቀሩ።

«እናቱ የሞተችበት ሰሞን ነው» አለች እታለም። «በስልክ ነው የሰማው። ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት የለው፣ የሚደርሰው ሰው የለው። ዳይሬክተሩ ተንበርከክ፣ በቋንቋህ ያሻህን ተናገር፣ የሚሰማህ የለም ሲለው እምቢ ብሎ ወጣ። በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። የማለቅስበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም አለኝ። ይሄንን ነው የሰረዙት፣ ጋሼ።»

ፊልሙ ግን አላበቃም። ግዛው ከተንበረከከበት ተነሣ፤ የሹሙን ውድ ሻርፕ ከወንበሩ ላይ አነሣና እንባውን ጠረገበት፣ አፍንጫውንም ተናፈጠበት፣ አጣጥፎም በክብር መለሰለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ መሀል ለቅሶው ፈነዳ። አንዲት አሮጊት፣ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» እያሉ ሁለቱንም ባንድ ላይ ያደርጉ ነበር።

ጋሼ ቀለመወርቅ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «የሰረዝሁትን መልሺው፣ ልጄ» አሏት ራኬብን። «ነገ ሙሉውን አንብቢ።» ከዚያ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ካፖርቱ የሰፋው ወጣት ከቢሮው እየወጣ ነበር።

«ለቅሶ ሳንደርስህ ቀረን፣ ግዛው» አሉ። «እግዜር ያጽናህ።»

እታለም መዳፏን ወለሉ ላይ ተክላ ከፍራሿ ከፍ አለች።

«አሜን» አለች በእሱ ፈንታ።