የቅዳሜ ድንጋይ

አካሉ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰውነቱ ከዳው። ስኳሩ ይወጣል፣ ደም ብዛቱ ይወጣል፣ እሱ ግን ከአልጋ መውረድ አቅቶታል። ሐኪሟ ልጅ እግር ነበረች። መድኃኒቱን ጻፈችለትና፣ «አባባ፣ መድኃኒት ብቻውን አያኖርም፤ የሚኖሩለት ነገር ይፈልጉ» አለችው። ሳቀባት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ይፈለጋል?

መፈለግም አላስፈለገው፤ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ ድረስ ራሱ መጣለት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምሐ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ በሴት ልጁ በጸሎት ተደግፎ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከደጁ ተደፋ። አምሐ ማለት አብረው ይሠሩበት በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ግምገማ ላይ ተነሥቶ «አካሉ ክር ሲያሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ የመሰከረበት ሰው ነው። ውሸት ነበር። በዚያች ውሸት አካሉ ከፈረቃ ኃላፊነቱ ወርዶ፣ ጡረታ እስኪወጣ መጋዘን ሲጠብቅ ኖረ። ወንበሩን የወረሰው አምሐ ነው።

«ዋሸሁብህ፣ አካሉ» አለ አምሐ ከመሬት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠውብኛል። ካንተ ሳልታረቅ ሥጋ ወደሙን አልቀበልም ብዬ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ስለ እመቤታችን ብለህ አንሣልኝ።»

ወጉ የታወቀ ነው። የተበደለው ሰው ድንጋዩን በእጁ ካነሣ ነገሩ አለቀ፤ ተቃቅፎ፣ ተላቅሶ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ መለያየት ነው። ሽማግሌዎቹም «አንሣ! አንሣ እንጂ!» አሉት። አካሉ ግን ያንን የጎበጠ ማጅራት ከላይ ሆኖ ሲያየው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከስንት ዘመን በኋላ ከእግሩ ጀምሮ ሙቀት ሽቅብ ወጣበት። እስቲ አሁን ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ጠዋት ማን ይጨርሰዋል!

«ይህማ ጠጠር ነው» አለ። «ለሚመጣው ቅዳሜ ከፍ ያለ ፈልገህ ና።»

አምሐ መጣ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። አካሉ አንዴ ድንጋዩ አነሰ ይላል፤ አንዴ ድምፅህ አልተሰማኝም ይላል፤ አንዴ ደግሞ ቁርሴን ልጨርስ ብሎ ፀሐይ ላይ አንበርክኮ ያቆየዋል። ሽማግሌዎቹ አፍረው ቀሩ። አባቷን በባጃጅ አምጥታ የምትመልሰው ጸሎት ብቻ ሆነች። የአካሉ ሚስት የሻሽወርቅ «ኧረ ፈጣሪን ፍራ» ብትለው «አርፈሽ ተቀመጪ» አላት።

እሱማ ታደሰ! አምሐ ጎብጦ እሱም ጎብጦ ምኑን ተያዩት? ቀጥ ብሎ ለመቆም ሲል በየማለዳው ጣና ዳር ድረስ በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ጨው ተወ፤ አረቄ ተወ። ቅዳሜ ሊሆን ሲል ጢሙን ይላጫል። ፊቱ ወዝ አወጣ። ሐኪሟ የስኳሩን ውጤት አይታ ማመን አቃታት።

«ምን አገኙ፣ አባባ?»

«የአንድ ችግረኛ ጉዳይ ይዣለሁ።»

«ጎበዝ! እንዳይተዉት።»

«አልተውም» አላት። ከልቡ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ጸሎት ብቻዋን መጣች። ገና ከመግባቷ እግሩ ላይ ወደቀች። አካሉ ያው የለመደው ልመና መስሎት ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ጋሼ አካሉ፣ እባክዎ ድንጋዩን እንዳያነሡለት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ክረምቱን አይዘልቅም ተብሎ ነበር፤ ይኸው ዘለቀ። ለድንጋዩ ጉልበት ይሆነኛል እያለ ይበላል። ግቢ ውስጥ ይራመዳል። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቆ የሚውጠው ራሱ ነው። ሳልታረቅ አልሞትም ይላል። ይቅር ያሉት ቀን ይሞትብኛል፣ ጋሼ። ከሱ ሌላ ሰው የለኝም። ይስደቡት፣ ያንበርክኩት፤ ብቻ አያንሡለት።»

አካሉ አስነሥቶ አሰናበታት። ከሄደች በኋላ ግን ደሙ ፈላ። ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ ጠላቱን ሲያስታምም ኖሯል! አዋረድሁት ሲል ዕድሜ እየቀጠለለት!

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹንም ጎረቤቱንም ጠርቶ ጠበቀው። አምሐ ገና በርከክ ከማለቱ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣለትና አቅፎ ሳመው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ወንድሜ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አምሐ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጸሎት አጥሩ ሥር ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አካሉን ታየው ነበር። እሱም አያት።

አምሐ እሑድ ቆረበ። ሰኞ፣ «እህል አልፈልግም፤ ደክሞኛል» ብሎ ተኛ። ዓርብ ተቀበረ። ቄሱ በቀብሩ ላይ የአካሉን ደግነት እያነሡ አስተማሩ፤ ሰው ሁሉ እየመጣ እጁን ጨበጠው።

በማግስቱ አካሉ ከአልጋ አልወረደም። ከዚያም ወዲያ አልወረደም። ስኳሩ ወጣ፤ እግሩ አበጠ። የሻሽወርቅ ያን ረቡዕ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ይቅርታው ምን እንደነበረ አልጠፋትም።

«ተነሣና ድንጋይ ተሸክመህ ወደ ልጅቱ ሂድ» አለችው። «እግሯ ላይ ውደቅ።»

እውነትም! እንዴት ሳያስበው ቀረ? ይህች ልጅ በቀላሉ አትለቀውም፤ ዓመት ሙሉ ታመላልሰዋለች። ገና ሲያስበው ጉልበቱ ተመለሰ። ተላጨ፣ ታጠበ፣ ከበድ ያለ ድንጋይ መርጦ በባጃጅ ሄደ።

ጸሎት በጥቁር ልብሷ በሩን ከፈተች። ድንጋዩን አየች። እሱንም አየችው፤ ያበጠ እግሩን፣ የተላጨ ፊቱን፣ የጓጓ ዓይኑን። ማጅራቱን ዝቅ ሊያደርግ ሲል ድንጋዩን ከእጁ ተቀበለችው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ አካሉ» አለችው። «እንግዲህ ይረፉ።»

በሩንም ዘጋችው።