የቀትር ጥላ

«ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙሪው» አሉ መሪጌታ አፈወርቅ።

«አባባ፣ ውጪው ጨልሟል፤ ምን ይታይዎታል?»

«አዙሪው አልኩሽ።»

የምሥራች ስልኳን አዞረች። ከመስታወቱ ማዶ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ከአንድ የመንገድ መብራት በቀር የሚታይ አልነበረም። መሪጌታ በመንዝ፣ ከቤታቸው አጥር ጥግ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ አቀኑ። ፀሐይ ገና ከጋራው በላይ ናት። ወደ ጓሳው ግጦሽ የተሰማሩት በጎች እንኳ አልተመለሱም።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው አልሽኝ?»

«ዘጠኝ ተኩል። ከእናንተ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነን።»

«ወደ ኋላ ከሆናችሁ እንዴት ከእኛ ቀድሞ መሸባችሁ?»

ልጅቱ ሳቀች። «በዚህ በብርዱ ወራት ቀኑ አጭር ነው፣ አባባ። ሳይነጋ ይመሻል።»

ሳቋ አልጣማቸውም። የምሥራች በዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአፈር ጥናት ተማሪ ስትሆን፣ ለመንፈቅ ያህል በልውውጥ ተማሪነት ኖርዌይ ውስጥ ወዳለችው ወደ ትሮንድሄም ከተማ የሄደችው በነሐሴ ነበር። በመጀመሪያው ወር ስትደውል ከበስተኋላዋ ዛፍና ወንዝ ይታይ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን በደወለች ቁጥር መስኮቱ ጥቁር ነው፤ እርሷ ደግሞ ሁልጊዜ «ገና ቀን ነው» ትላለች።

መሪጌታ ሰዓትን በሌላ ሰው አፍ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። ባሕረ ሐሳብ ተምረው ያስተማሩ፣ የደብሩ ሰው ሁሉ የጾሙን መግቢያና የበዓሉን ቀን ከእርሳቸው የሚጠይቅ፣ በጾም ወራትም ቅዳሴ የሚገባበትን ዘጠኝ ሰዓት ጥላቸውን በጫማቸው ለክተው የሚያውጁ ናቸው። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። እንግዲያስ ከመንዝ ቀድሞ የሚመሽበት አገር ከመንዝ በስተምሥራቅ ያለ አገር ነው። ኖርዌይ ግን ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ነው ብለዋቸዋል። በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ ማዶ፣ ያለው ዐረብ አገር ነው።

ይህን ሐሳብ ባለፈው ሳምንት ለጎረቤታቸው ለበግ ነጋዴው ለወዳጆ ነግረውት ነበር። ወዳጆ የገዛ ልጁ ሸዋረግ «አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባሁ» እያለች ዐረብ አገር በሰው ቤት ስታገለግል የኖረች ናትና ነገሩን ከአፋቸው ነጠቃቸው። ነገ አብረው ወደ ዘመሮ ከተማ ወርደው «ልጄ በደላላ እጅ ገብታለች» ብለው ለፖሊስ ሊያመለክቱ ተቃጥረዋል።

«ስሚኝ» አሉ መሪጌታ። «ነገ በእናንተ ቀትር፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሜዳ ላይ ቁሚና ጥላሽን በጫማሽ ለኪ። በልጅነትሽ እንዳስተማርኩሽ አድርገሽ። የለካሽውንም ላኪልኝ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«አባባ፣ አላመኑኝም እንዴ?»

መሪጌታ «ደኅና እደሪ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወዳጆ በቅሎውን ጭኖ መጣ። ቁመቱ አጭር በመሆኑ ከበቅሎ የሚወርደው ድንጋይ ፈልጎ ነው።

«መሪጌታ፣ አልተነሡም እንዴ? ሳይመሽብን እንድንመለስ!»

«እስከ ስምንት ሰዓት ቆየኝ። የምጠብቀው ነገር አለ።»

«ምን ይጠበቃል? እኔ የፀሐይ ሂሳብ አላውቅም፤ የደላላ ሂሳብ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። የእኔዋም እንዲህ ነበር የምትለኝ፦ ነገ ፎቶ እልካለሁ፣ ነገ ወረቀቱን አሳያለሁ።»

የመሪጌታ ባለቤት እማሆይ ሳይባሉ እንደ እማሆይ የሚከበሩት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ገብስ ከሚያበጥሩበት ሰፌድ ቀና አሉ። «አያ ወዳጆ፣ ያንተ ልጅ ሐዘን ያንተ ነው፤ እኔ ላይ አታጋባው። የልጅቱን ስም ፖሊስ ጣቢያ ካስገባችሁት በኋላ ማን ያወጣዋል? ነገሩ ዩኒቨርሲቲው ደርሶ ቢጠሯትስ? ትምህርቷ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።»

«ተሸጣ ከሆነስ?» አሉ መሪጌታ በዝግታ። «እኛ ስሟን ስንጠብቅ እርሷ ብትጠፋብንስ?»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሰፌዱን ያዙት እንጂ ማበጠሩን አልቀጠሉም።

ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኩ ጮኸ፤ ቪዲዮ ነበር። ሦስቱም ከአጥሩ ጥግ ተሰበሰቡ። ምድሩ በበረዶ ነጭ ሆኗል። የምሥራች ወፍራም ካፖርት ደርባ ቆማለች፤ ፀሐይዋ ከበስተኋላዋ ከቤቶቹ ጣሪያ ጥቂት ብቻ ከፍ ብላለች። ልጅቱ ተረከዟን ከጣቷ እያጋጠመች በጥላዋ ላይ ትራመድ ጀመር። ከዚያ ቆም ብላ ሳቀች።

«ልጨርሰው አልቻልኩም፣ አባባ! ሜዳውን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እዚያ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ግድግዳ በጫማ ይለካል እንዴ?»

ወዳጆ ከት ብሎ ሳቀ። «ቀትር ብላ ይህን ላከች? ያ ነጩም አሸዋ ይሆናል። ይህማ የማታ ጥላ ነው! መሪጌታ፣ ልጅቱ እያሾፈችብዎት ነው።»

መሪጌታ ቪዲዮውን ደግመው አስከፈቱ። የቀትር ጥላ ምን ያህል እንደሚሆን የምሥራች ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። ልትዋሽ ብትፈልግ አባቷ የሚያምኑትን ልክ መንገር ይቀላት ነበር። ይህ ግን ለማሳመን የተሠራ ነገር አይመስልም። እንዲህ ያለ የማይታመን ነገር የሚልክ ሰው ያየውን የሚልክ ሰው ነው።

ያን ጊዜ የመምህራቸው ድምፅ ታወሳቸው። ፀሐይ ስለምትመላለስባቸው መስኮቶች ሲያስተምሩ፣ በመጨረሻው መስኮት በኩል ስትወጣ ሌሊቱ የቀኑ እጥፍ ይሆናል ብለዋቸው ነበር። አፈወርቅ የተባለው ወጣት ተማሪ «የኔታ፣ በእኛ አገር መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ «አንተ ተቀበል፤ የሚያየው ያያል» የሚል መልስ ብቻ አገኘ። ተቀበለ፤ እርሱም በተራው ሳያይ አስተማረ። በዚህ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ትርቃለች፤ በመንዝም ጥላ ይረዝማል። ወደ ሰሜን ርቆ የሄደ ሰውማ ከዚህ የበለጠ ምን ያያል?

«ቀትር ነው» አሉ መሪጌታ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ምሥራቅና ምዕራቡን ቆጥሬ ሰሜንና ደቡቡን ረሳሁ።»

ወዳጆ ግን ጣቱን ወደ ስልኩ ቀሰረ። «ይሁን። ይሄ ጥላስ የማን ነው?»

ከየምሥራች ጥላ ጎን ሌላ ጥላ ተዘርግቷል፤ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቷል።

«ስልኩን የያዘው ሰው ነዋ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

«ሰውስ ሰው ነው፤ ማን? ቁመቱን እዩት፤ ወንድ ነው።»

«አያ ወዳጆ፣ በዚያ ፀሐይ ብትቆም አንተም ረጅም ነህ።»

ወዳጆ ተቆጥቶ ወደ በቅሎው ሄደ። «እንግዲህ እንሂድ ወይስ እንቅር፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ ሁለተኛውን ጥላ ትኩር ብለው አዩት። አንዱ ጥርጣሬ ሲወጣ ሌላው ገብቶ ደረታቸው ውስጥ ተቀመጠ። ለፖሊስ የሚነገር አይደለም፤ አባት ብቻውን የሚሸከመው ነው።

«አንተ ወደ ገበያህ ሂድ» አሉ። «ፖሊስ ጣቢያው ቀርቷል።»

ወዳጆ ከሄደ በኋላ ለጾሙ ቅዳሴ የሚነሡበት ሰዓት እየተቃረበ ነበርና ጥላቸውን ሊለኩ ወደ ሜዳው ወጡ። ጥቂት አሰቡና ባለቤታቸውን ጠሩ። «ጥሩሸዋ፣ በዚያ ስልክ አንሺኝ። የእኛንም ትየው።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ልጃቸው እንዳሳየቻቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጎናቸው ቆሙ። መሪጌታ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያጋጠሙ መራመድ ጀመሩ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ የእኔም ጥላ ገባብዎት» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ልራቅ?»

መሪጌታ ዞር ብለው መሬቱን አዩ። ከጥላቸው ጎን ሌላ ጥላ፣ እጁን ወደ ፊቱ ያነሣ፣ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የለም፣ እዚያው ቁሚ» አሏቸው። «አብሮ ይሂድላት።»