ባቡሩና የማርያም ጸበል

ገረሱ የባቡሩን የነሐስ ክዳን ፈትቶ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሲያወጣው እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የደረቀ ቀላ ያለ ነገር ጥፍሩ ላይ ተጣብቋል። እናቱ ወለተሥላሴ ከአጥሩ ሥር ሆና አየችው።

ባቡሩ ከጥጃ አይበልጥም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፈረንጅ በታትኖ በግመልና በበቅሎ አስጭኖ አመጣው፤ እንጦጦ ላይ ገጣጥሞ በንጉሡ ግቢ ጓሮ ሃያ ክንድ የብረት መንገድ ዘረጋለት። ወደ ባሕር ማዶ ሲመለስም ለአንጥረኛው ለገረሱ ሁለት ቃል ትቶለት ሄደ፤ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን፣ ከዝናብ ውኃ በቀር እንዳያጠጣው። ገረሱ በየክረምቱ የጣሪያ ጠፈጠፍ በጋን ያጠራቅማል። መንኮራኩሮቹን በቅቤ ያሻል፤ ያረጀውን ጠፍር በአዲስ ይለውጣል። ሰው «ቡዳ» እያለ የሚሸሸው እጁ ይህን ብረት ሲነካ እንደ አዋላጅ እጅ ይለዝባል። ወለተሥላሴ ይህን ስታይ ትደነቃለች፤ የዚያኑ ያህል ትፈራለች። ያ የሚንፈቀፈቅ የባቡሩ ሆድ ፈንድቶ የልጇን ፊት ሲቀቅለው በሕልሟ ስንት ጊዜ አይታለች።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው አዛዥ በላይነህ ይመጣሉ። ባቡሩ ከሄደ ከነጠባቂው ይኖራል፤ ካልሄደ ነሐሱ ቀልጦ ድስት ይሆናል።

«ገረሱ!» አለ ዘበኛው ከበበ ከአጥሩ ማዶ። «በሬህ ዛሬም አልነሣም አለ? ጠላ አቅምሰው እንጂ!»

ገረሱ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእንፋሎቱ መንገድ ተደፍኗል። እንዲህ ያለ ቅርፊት የሚያበቅል የምንጭ ውኃ ነው። ማን አጠጣው?»

ወለተሥላሴ በከበበ ላይ ማላከክ ትችል ነበር። ማንም ያምናታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «የማርያም ጸበል ነው። በየእሑዱ አንድ አንድ ቅል። እንዳይበላህ ብዬ።»

ገረሱ ባቡሩ ጎን ቁጭ አለ። አልተቆጣም፤ ያ ባሰባት። «በብረት ብፍቀው ነሐሱ ይቀደዳል» አለ ለራሱ።

ወለተሥላሴ ቅርፊቱን ከጥፍሩ ላይ አንሥታ በጣቷ አሸችው። ታውቀዋለች። በማሰሮዋም ሆድ ይበቅላል።

«አጓት» አለች። «የኮመጠጠ። እኔ ማሰሮዬን በምን የማጸዳው ይመስልሃል?»

ቁልቁል ወደ የካ ሮጠች፤ ላሞች ካሏት ከጂቱ ቤት አንድ እንስራ አጓት አዝላ ዳገቱን ወጣች። ባቡሩ ውስጥ ጨምረው ከሥሩ እሳት ለኮሱ። ጥቂት ቆይቶ ቅርፊቱ እየለቀቀ እንደ አመድ ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ አለቀለቁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዛዥ በላይነህ መጥተው ከበቅሏቸው ሳይወርዱ አፍንጫቸውን በኩታ ሸፈኑ። «ይህ ምንድን ነው የሚሸተው? ባቡር ነው ወይስ የወተት ቤት?»

«ታጥቦ ነው፣ ጌታዬ» አለ ገረሱ። ከዚያ የዝናብ ውኃውን ቅል ለእናቱ ዘረጋላት። «አንቺ አጠጪው።»

ጠብታ አላፈሰሰችም። አጠጥታ ስትጨርስ ከነጠላዋ ሥር ትንሿን የጸበል ቅል አወጣች። ገረሱ ትንፋሹን ዋጠ። እሷ ግን ወደ ልጇ ዞራ በራሱ ላይ ገለበጠችው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለች።

እሳቱ ነደደ። ወለተሥላሴ ወደ አጥሩ አልተመለሰችም። ባቡሩ ተነፈሰ፤ የብረት ክንዱ ወጣ፣ ገባ። መንኮራኩሩ ሩብ ዙር ዞሮ ቆመ። አዛዥ በላይነህ ሊመለሱ የበቅሏቸውን ልጓም አነሡ።

ገረሱ አልነካውም። ጎንበስ ብሎ ብቻ አዳመጠው። ከፀጉሩ የወረደች የጸበል ጠብታ በጋለው ነሐስ ላይ ችስ ብላ ጠፋች። እናቱ ዓይኗን አልጨፈነችም።

መንኮራኩሩ ነቅነቅ አለ፤ ከዚያ ዙሩን ሞልቶ መሽከርከር ጀመረ።