ከሸለቆው የመጣው በር

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ስትሞት ወስዳ ከስፌት መኪናዋ ሥር አስተኛችኝ፤ የሰው ልብስ እየጠቀመች ለቁም ነገር አበቃችኝ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እትዬ ነው የምላት። አፏ አያርፍም፤ ከደንበኛ ትጣላለች፣ ከሬዲዮው ጋር ትከራከራለች፣ ደረጃ ስትወጣ «ጉልበቴ እኔን ጥሎ ጡረታ ወጣ» እያለች በየፎቁ ታርፋለች።

የተወለደችበት ሸለቆ ግድብ ሲሠራ ውኃ ተኛበት። ሰዉን በጭነት መኪና አውጥተው ከተማ አሰፈሩት። ከመንደሩ በላይ የነበረውን፣ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ ጥንታዊ የድንጋይ በርም አፍርሰው አመጡና በከተማው መናፈሻ መሀል መልሰው ተከሉት። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ሁለት ቋሚና ከላያቸው አንድ አግዳሚ ድንጋይ ብቻ። እትዬ አንድም ቀን ሄዳ አላየችውም። «እኔን እየጎተቱ ጫኑኝ፤ እሱን ቆራርጠው ጫኑት። አሁን ተገናኝተን ምን ልንባባል ነው?» ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የምትሰፋውን ቀሚስ ጭኗ ላይ እንዳደረገች «በሩ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ሰው ቤቱን ለማየት ምክንያት ያስፈልገዋል?»

መናፈሻው በሰው ተሞልቷል። ፊኛ ሻጩ ይጮኻል፣ ልጆች በበሩ እየተሯሯጡ ይወጣሉ ይገባሉ፣ ሁለት ወጣቶች ቋሚውን ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። እትዬ ቀረብ ብላ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይ ነው፤ እሷ ግን «ቅዝቃዜው እንኳ አልተለወጠም» አለች። እኔም ነካሁት። ይሞቃል።

«ከዚህ ቁልቁል ስትወርጂ ሁለተኛው ቤት የእኛ ነው» አለችና ቦርሳዋን አስያዘችኝ። ከዚያ ጉልበቷን እያባበለች በሩን አለፈች።

በጎን ዞሬ ልቀበላት ሄድኩ። ማዶ ማንም የለም። ሣሩ አለ፣ አግዳሚ ወንበሩ አለ፤ እትዬ የለችም። ተመልሼ ዞርኩ። «እትዬ!» ብዬ ስጮህ ፎቶ የሚነሡት ዘወር ብለው አዩኝ።

የመናፈሻው ዘበኛ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ከቆርቆሮ ቤታቸው ቀስ ብለው መጡ። ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ፎጣ አለ።

«ከሸለቆው ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አሁን እዚህ…»

«አትጩሂ ልጄ። ይወጣሉ።»

«ከየት ነው የምትወጣው? ፎጣውስ ለምንድነው?»

በሩን ትኩር ብለው እያዩ ቆሙ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ልጆቹ ማንም ሳይከለክላቸው ከበሩ ሸሽተው ወደ ሸርተቴው ሄዱ።

ከዚያ እትዬ ወጣች። ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ውኃ ይንጠፈጠፋል። ዘበኛው ፊቷን ሳያዩ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

ዓይኗን በእጇ ከልላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደሚያጠና ሰው። «አዎ። እትዬ ነኝ።»

ቤታችን ስንደርስ ደረጃውን አንዴም ሳታርፍ ወጣችው። ላይ ስትደርስ ግን በየበሩ እየቆመች «የቱ ነው?» አለችኝ። ደንግጣ ነው አልኩ፤ ብርድ መቷት ነው አልኩ። ሙቀቷን ስለካ ከሰው ልክ በታች ወረደ፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አመጣሁ። እሱም እንደዚያው አለ።

በሳምንቱ ደንበኛዋ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ልብሱ አላለቀም። እትዬ የስፌት መኪናውን እንደ እንስሳ ጀርባውን ደባብሳ ተወችው። ደንበኛዋ ተቆጥታ ወጣች፤ እትዬ ከኋላዋ አንድ ቃል አልወረወረችም። ያኔ ነው ልቤ ክፉኛ የፈራው። መጋረጃ ዘግታ፣ እግሯን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክራ ትውላለች። የምትጠጣው ውኃ አያረካትም። የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ወዛ። እኔም ሳላስበው «ምሳ ይብሉ» እላት ጀመር፤ ዕድሜ ልኬን አንቺ ያልኳትን ሴት አንቱ ስላት አንድም ቀን አልገረማትም።

በመጨረሻ አላስችለኝ ሲል ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እትዬ የት ናት?»

አልተቆጣችም። «ቤት ናት» አለች።

«የቱ ቤት?»

«ከበሩ ቁልቁል፣ ሁለተኛው። መጥታ አንኳኳች። ማነው? አልኳት። የቤቱ ባለቤት ነኝ አለችኝ። በራሴ ድምፅ።» እግሯን ሳፋው ውስጥ አንቀሳቀሰች። «እሷን በመኪና ሲወስዷት እኔ ቀርቼ ነበር እኮ። አልሄድም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ውኃው መጣ፤ እኔ ቤቱን ስጠብቅ ኖርኩ።»

«ገፍተሽ አስገብተሻት ነው የወጣሽው?» አንቱታው ጠፋብኝ።

«ማንም ማንንም አልገፋም። ከፈትኩላት፤ ገባች። በሩ ክፍት ነበር፤ ወጣሁ።»

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ወደ መናፈሻው ሮጥኩ። ገና ማለዳ ነው፤ ሣር የሚያጠጣ ሰው ከሩቅ ይታያል። ዘበኛውን ከቆርቆሮ ቤታቸው ስቤ ላወጣቸው ምንም አልቀረኝም።

«ያውቁ ነበር! አክስቴን ይመልሱልኝ!»

«እኔም እናቴን ይዤ ነበር የመጣሁት» አሉ። «እዚህ ዘበኛ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤት ያለችውን እጦራታለሁ። ክፉ አይደለችም፤ ወሬ አትወድም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልከለከሉንም?»

«መከልከል ሞክሬ ነበር፣ ቀድሞ። የተከለከሉት ተመልሰው እየመጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያለቅሳሉ። እሱን ማየት ባሰብኝ።»

«ገብተው ለምን አላመጧቸውም?»

«ጫማዬ እስኪያልቅ ገብቼ ወጥቻለሁ። እኔ እዚሁ ከተማ የተወለድኩ ነኝ ልጄ። ለእኔ መናፈሻ ነው።»

አልፌ ሞከርኩት። ሣር። ዞሬ እንደገና አለፍኩ። ሣር፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ። ከዚያ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ቆምኩና የምችለውን ያህል ጮኼ «እትዬ!» አልኩ።

መጀመሪያ የውኃው ድምፅ መጣ፤ የሚፈስ ሳይሆን የተኛ ውኃ፣ ቤት ሙሉ። ቀጥሎ መጥረጊያ ወለል ሲነካ ሰማሁ።

«ማነው?» አለች እትዬ። ድምጿ ወጣት ነበር።

«እኔ ነኝ! ነይ ውጪ፣ ልወስድሽ መጥቻለሁ!»

መጥረጊያው ቆመ። «መኪናው መጣ እንዴ?» አለች። ፍርሃት ያዛት መሰለኝ። ከዚያ የማውቀው ነገረኛነቷ ተመለሰ። «ለሰዎቹ ንገሪያቸው! እኔ ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም። አንቺ ግን ልጅ ነሽ፤ ውኃው ሳይደርስብሽ ሩጪ። ሩጪ ብያለሁ!»

ደግሜ ደጋግሜ ጠራኋት። መጥረጊያው ብቻ መለሰልኝ፤ በኋላ እሱም ጠፋ። ዘበኛው ክንዴን ይዘው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ሰፈሬ ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ሴትዮዋ ፌርማታው ላይ ቆማለች። ከቤት ብቻዋን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። በቀን ብርሃን ዓይኗን አጥብባ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ስታይ ነበር።

«ቆየሽ» አለችኝ። «አገኘሻት?»

«አልወጣም አለች።»

አንገቷን ደፋች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። ቤታችን ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ መኪናው ይከንፋል፣ እሷ ደግሞ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ትላለች። እጇን ዘረጋችልኝ። ትቼያት ልሻገር አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። እጇ እንደ በረዶ ነው። ያዝኳት፤ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቅንና አብረን ተሻገርን።