ሲባጎ የተባረረበት ዲስክ

አንድ ረፋድ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈና የደም ምርመራ ውጤት ሳይደርስ አንዲት ወላድ ሞተች። ጣት የተቀሰረው መረጃው የሚቀመጥባቸውን ዲስኮች በሚጠብቀው ሠራተኛ ላይ ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሲባጎ ይሉታል። «ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ» ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት። አለቃው የነበረችው ሴትም «የእሱ ቸልተኝነት ነው» ብላ ፈረመችበት። ተባረረ።

እሱ ከሄደም በኋላ ግን ኮምፒውተሩ መንቀራፈፉን አልተወም። አለቃዪቱ የሆስፒታሉን ኮምፒውተር መነካካት ስላልደፈረች፣ ልብስ ሰፊው ባሏ ጨርቅ ከሚቆልልበት ጓዳ አንድ አሮጌ ሰርቨር አስገባች። በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር ሌላ ኮምፒውተር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ፈጠረች፤ አሠራሩ ቁርጥ የሆስፒታሉን።

ጓዳውም ውስጥ ያው ሆነ። ከሁሉም ውስጥ ያለው የመጨረሻው ማሽን አንድ ፋይል ለመጻፍ ያምጣል። ዲስኩን በአዲስ ቀየረች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሚሞሪ ጨመረች፤ ወይ ፍንክች። ሳምንታት እንዲህ ካለፉ በኋላ፣ ውስጠኛው ማሽን ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ልብ ብላ አየችው። የድሮው ዓይነት ነበር፤ ወደ ዲስኩ የምትሄደውን እያንዳንዷን ጽሑፍ በየኮምፒውተሩ እያስቆመ የሚያስተረጉምና የሚያዘገይ። አዲሱን መንገድ መርጣ ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ፋይሉ ዓይኗን ሳታርገበግብ ተጻፈ።

ሆስፒታል ውስጥ ያንን የድሮውን መንገድ የመረጠችው ራሷ ነበረች፤ ለጊዜው ብላ፣ ከዚያ ረስታው።

«ሠራልሽ?» አላት ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

«ሠራ።»

«ታዲያ ምነው ሰው የሞተብሽ መሰልሽ?»

ነገረችው። መቀሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ስሚኝ እመቤቴ፣ ይህን የሚያውቅ የለም። ልጆች አሉን። የሞተችው እንደሆነ አትመለስም።»

«ሲባጎስ?»

ባሏ መቀሱን አንስቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

በማግስቱ ሲባጎን መኪና ከሚያጥብበት ግቢ አገኘችው። የያዘውን እስኪጨርስ ቆማ ጠብቃ ሁሉንም ተናገረች። የውሃውን ጎማ ዘጋ።

«እኔ እኮ አምኜ ነበር» አላት። «በኋላ በኋላ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብዬ አመንኩ። እንቅልፍ የለኝም፣ እትዬ።»

«ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሥራህ ይመለሳል።»

«እሱስ ይሁን። ለሟቿ ባል ማን ይነግረዋል?»

ደብዳቤውን ጻፈች። እሷም ተባረረች። የሲባጎ ቦታ ግን በሌላ ሰው ተይዟል ተባለ፤ ጎማውን እንደያዘ ቀረ።

ከሟቿ ቤትም ሄደች። ባልየው ሕፃኗን በትከሻው ላይ አስተኝቶ በሩን ከፈተ። ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ፣ ልጅቷ እንዳትነቃ ብሎ፣ በሩን በቀስታ ዘጋባት።