ነጩ ፈረስ ማርጌድ ደጅ ሲደርስ

በዌልስ የድንጋይ ከሰል ሸለቆዎች፣ አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ነጩ ፈረስ ቤት ለቤት ይዞራል። ፈረስ ይባል እንጂ እንጨት ላይ የተሰካ የፈረስ ራስ ቅል ነው፤ አንሶላ የተከናነበ ሰው ከሥሩ ሆኖ መንጋጋውን ያንቀጫቅጨዋል። ዘፋኞቹ ደጅ ቆመው በግጥም ይሳደባሉ፣ የቤቱ ሰው በሩን ዘግቶ ከውስጥ ይመልሳል። ግጥም ያለቀበት ተሸነፈ ማለት ነው፤ የቤቱ ሰው ከተሸነፈ በሩን ከፍቶ ኬክና ቢራ ያቀርባል። እማማ ማርጌድ ተሸንፈው አያውቁም።

ዘንድሮ ግን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋው። ልጃቸው ዳቪዝ ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ ስለነበር፣ ቤት የቀረችው ምራታቸው ኔስታ ብቻ ናት። ኔስታ ከአንድ የወደብ ከተማ ተድራ የመጣችው በመከር ነው። አማቷ ለጎረቤት «ልጄ ድዳ አገባ» ሲሉ ከሰማች ወዲህ ጭራሽ አፏን ዘግታለች።

አመሻሹ ላይ የዘፋኞቹ መሪ ኤምሪስ በሩን መታና ጀመረ፦

«ክፈቱልን በሩን፣ ብርዱ ቆረጠመን፣
ማርጌድ ዝም ካለች ማነው የሚያቆመን።»

እማማ ማርጌድ መልሱን በምራታቸው ጆሮ አንሾካሾኩ። ኔስታ ግን ስንኙን አዘበራርቃ አለችውና ደጅ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። አሮጊቷ ተስፋ ቆርጠው በሩን እንድትከፍት በእጃቸው አመለከቱ። ኔስታ ፊቷ ቢቀላም አልከፈተችም፤ ከራሷ ግጥም ፈጥራ መለሰች፦

«አንተ ከምትዘፍን ጉሮሮህ ተዘግቶ፣
ፈረሱ ይዝፈንልን ከመቃብር ወጥቶ።»

ከዚያ ሳቁ ወደ ኤምሪስ ዞረ። እሱ ሲወረውር እሷ ስትመልስ ቆዩ፤ እማማ ማርጌድ እስኪያስላቸው ሳቁ። በመጨረሻ ግጥም ያለቀበት ኤምሪስ ሆነ። ቢሸነፍም ፈረሱ ለቤቱ በረከት ነውና በሩ ተከፈተለት፤ ፈረሱም ገብቶ አሮጊቷን በጠረጴዛው ዙሪያ አሯሯጣቸው።

እማማ ማርጌድ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ይህን ሁሉ የት ደብቃው እንደከረመች በተዘጋ ድምፃቸው ጠየቋት።

«ያደግሁት እናቴ ዓሣ የምትሸጥበት ገበያ ነው፣ እማማ። እዚያ ሳይሳደብ የሚሸጥ የለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ድዳ ነች ሲሉ ሰማሁዎት።»

አሮጊቷ አቀረቀሩ። ከዚያ ኬኩን ቆርሰው የመጀመሪያውን ለእሷ ሰጧት። «አጥፍቻለሁ። ብዪ በይ» አሏት።

ኤምሪስ ቢራውን ጨልጦ፣ ምራትዎን ለቀጣዩ ቤት ያውሱን ብሎ ለመነ።

«የትም አትሄድም» አሉ እማማ ማርጌድ። «የኛን በር ማን ሊጠብቅ ነው?»

ዘፋኞቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኔስታን ግጥም እያሳሳቱ ይዘፍኑ ነበር። እሷም መስኮቱን ከፍታ፣ ድምፅዋ እስከ ድልድዩ እየተሰማ፣ አረመቻቸው።