የሸረሪት ቤት

ማዳም «የባባ ክፍል አቧራ እንዳይቀርበት» ብላ መኪናዋን አስነስታ ወደ ሆስፒታል ሄደች። መንዳት ለሴት ከተፈቀደ ገና ወሩ ነበርና፣ እዚህ በሳዑዲዋ ኮበር ከተማ ውስጥ እንኳ ሰበብ እየፈለገች ነው የምትወጣው። ባባ አባቷ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ደማም ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ልባቸውን ታመው ተኝተው ነበር፤ ከነገ ወዲያ ይወጣሉ።

የቤት ሠራተኛዋ ራውዳ ጨርቋን ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ባባ ቁርጥራጯን ከካርቶን እያወጡ የገጣጠሟት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ሁለቱ ክንፎቿ እንደ ተደራራቢ አልጋ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩ። ራውዳ ወደዚህ ቤት ከመምጣቷ በፊት የተሠራች ናት፤ ማንም አይነካትም። በክንፎቿ መሀል ግራጫ ቀጫጭን ክር አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሏል።

«ባለቤቱ ሲታመም ሸረሪት ወረሰው» አለች ለራሷ።

ሸረሪት በራውዳ አገር በባቲ ክፉ አይደረግባትም። ነቢዩን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በዋሻው አፍ ላይ ድሯን አድርታ ከጠላት የሸሸገች ናት። ስለዚህ ራውዳ ቀስ አድርጋ ላውጣት ብላ ፈለገቻት፤ አጣቻት። «ቢስሚላህ» ብላ ድሩን ጠረገችው።

ቀጥላ ካርቶኑን ወለወለች። ላዩ ላይ ያቺው አውሮፕላን ተስላለች፤ በክንፎቿ መሀል ክሮች ወዲያና ወዲህ ተወጥረው። ራውዳ ክው አለች። የሽማግሌውን የእጅ ሥራ ነው እንግዲህ እንደ ቆሻሻ የጠረገችው።

የፈራችው ቁጣውን አይደለም። ማዳም «ባባ ይዳኑ እንጂ፣ ለአረፋ ኹሩጅ ወዐውዳ አወጣልሻለሁ» ብላታለች፤ አገሯ ደርሳ የምትመለስበትን ፈቃድ። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትቆጣ ግን የሰጠችውን ቃል ትረሳለች። ባቲ ውስጥ ሃፊዛ አለች፤ ጡት እንደጣለች ትታት የመጣችው ልጇ። አሳዳጊ አክስቷን ዓቢዳን «እማ» ትላታለች። ራውዳን ደግሞ «የስልኳ ሴትዮ»። ይህ አረፋ ካለፈ ልጅቷ ጨርሳ የሌላ ሰው ልጅ ትሆናለች።

ባባ ሳይመጡ እንደ ሥዕሉ መልሼ ልሰረው አለች፤ የልብስ መስፊያው ክር ወፍራም ሆነባት። ፀጉሯን አሰበች፤ «ፀጉሬን ባዕድ ወንድ ፊት ልወጥረው?» ብላ ከራሷ ጋር ተጣላች። በመጨረሻ ከጥቁር ሻርፗ ጫፍ ክር መዘዘች። ሙጫውን ከባባ መሳቢያ አገኘች፤ የማዳምን የቅንድብ ወረንጦ ሳታስፈቅድ ወሰደች። አንዴ ከገቡበት ወዲያ ምን ቀረ።

በቀኝ በኩል ያለውን አስራ ስትጨርስ የላይኛው ክንፍ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋ ሲያልቅ አባቷ የጠፍር አልጋ ሲወጥሩ ትዝ አሏት፤ ይህን ጥግ ትንሽ ሳብ፣ ዞረው ያንን ጥግ ትንሽ ሳብ፣ አንዱን ወገን ብቻ መጨረስ የለም። ፈታችውና እንደ አዲስ ጀመረች፤ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። በማግሥቱም ማዳም ስትወጣ ጠብቃ ቀጠለች። ጭራዋ ጋ ሥዕሉ ተቀድዷል፤ እዚያ የሚታሰረውን ስላላወቀች ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ባባ በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ራውዳ ውኃ ይዛ ተከተለች። መነጽራቸውን አድርገው አውሮፕላኗን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ።

«ማነው የነካት?»

ማዳም ወደ ራውዳ ዞረች። ራውዳ አረብኛዋን ብትፈልገው ጠፋባት። የምታውቀው የወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ አረብኛ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሸረሪት ድር የለም። ያላት በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ የያዘችው ነው።

«ያ ባባ፣ ሳምሕኒ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «በይተል ዐንከቡት መስሎኝ ጠረግሁት። የሸረሪት ቤት። ኋላ እንደነበረ አሰርሁት።»

ማዳም ሳቋን በእጇ አፈነች። ባባ አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን አንስተው ፊቷ ዘረጉት፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ያ ራውዳ፣ የጠረግሽው የሸረሪት ቤት ነው» አሉ። «እኔ አንድም ክር አላሰርሁም። ክንፉን አጣብቄ እዚህ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ኸላስ ብዬ ተውኳት።»

ራውዳ ሁለት ቀን የበላትን ፍርሃት፣ ያለቀሰችውን ለቅሶ አሰበችና ሳቅም እንባም እኩል መጡባት። አፍርሼዋለሁ ብላ የጠገነችው ነገር ከነአካቴው አልነበረም።

ባባ ክሮቹን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ እስከ ጭራዋ ሄዱ። «እዚህ አንድ ይቀራል።»

«ሥዕሉ ተቀድዶ ነው፣ ባባ። ካሳዩኝ አሁን አስረዋለሁ።» እጇ ወደ ሻርፗ ጫፍ ሄደ።

«ላ። ዛሬ ማፊ፣ አይሆንም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አረፋን ከልጇ ጋር አሳልፋ ስትመለስ ታስረዋለች። እኔም እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

ማዳም ስልኳን አውጥታ የኹሩጁን ነገር ለባሏ መጻፍ ጀመረች።

ማታ ራውዳ ባቲ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሃፊዛ ናት፤ ድምፁን ገና እንደሰማች ወደ ውስጥ ተጣራች፤ «እማ፣ የስልኳ ሴትዮ ናት!»

«ንገሪያት» አለች ራውዳ፤ «የስልኳ ሴትዮ ከስልኩ ልትወጣ ነው በያት።»